ካሊበሩን መጨረሻ ላይ ምረጡ

ልጆች፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ተኩስ ሜዳ ስንገናኝ የምትጠይቁኝ አንድ ነገር ነው፤ «ጋሼ፣ ለረጅም ርቀት የትኛው ካሊበር ይሻላል?» እኔም በእናንተ ዕድሜ ይህንኑ ነበር የምጠይቀው። እዚህ አሜሪካ ሠላሳ ዓመት ብረት ስቀርጽና ዒላማ ስተኩስ ኖሬ የገባኝ ግን ሌላ ነው። መጀመሪያ ርቀቱን ወስኑ። ከዚያ አረሩን፣ ቀጥሎ የጠመንጃውን ቱቦ። ካሊበሩ ከዚያ በኋላ ይደረስበታል።

ካሊበር ማለት የጥይቱ የውፍረት ልክ ነው። .308ን እንውሰድ፤ አረሩ 0.308 ኢንች ይወፍራል። ሲዬራ የተባለው ኩባንያ ዝነኛ 168 ግሬን (11 ግራም ገደማ) አረር የተሠራው ለ300 ሜትር ውድድር ነው። 600 ያርድ ላይም ሸጋ ነው። 1000 ያርድ፣ ማለትም 914 ሜትር ላይ ግን ፍጥነቱ ወርዶ ወደ ድምፅ ፍጥነት ይጠጋል፤ ያኔ መንገዳገድ ይጀምራል። 175 ግሬኑ የሚበልጠው ግማሽ ግራም በማይሞላ ክብደት ነው። ጅራቱ ግን በተሻለ ማዕዘን ስለተሠራ ያንን ርቀት ረግቶ ይጨርሳል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ክብደት ብቻ አይታችሁ አትግዙ፤ ቅርጹንም እዩ።

ከባድ አረር ሁልጊዜ ይሻላል ብዬ አንድ ጊዜ ጉድ ሆኛለሁ። ከ.308 በሚቀጥን ካሊበር፣ በአሮጌ .223 ጠመንጃ፣ 77 ግሬን አጎረስኩት። 100 ያርድ ላይ ወረቀቱን ሄጄ ሳይ ቀዳዳዎቹ ክብ አይደሉም፤ እንደ ባቄላ ረዝመዋል። አረሩ በጎኑ ነበር የገባው! የዚያ ቱቦ ጠመዝማዛ ቦይ አንድ ዙር የሚዞረው በ12 ኢንች ነው። ከባዱ አረር ረጅም ስለሆነ ፈጠን ያለ ሽክርክሪት ይፈልጋል፤ በ7 ወይም በ8 ኢንች አንድ ዙር። ጠመንጃ ከመግዛታችሁ በፊት ይህችን ቁጥር ጠይቁ፤ አብዛኛውን ጊዜ ቱቦው ላይ ተቀርጻ ታገኟታላችሁ።

ከዚያ ነፋሱ አለ። ኦሃዮ ያለው የውድድር ተኩስ ሜዳ፣ ካምፕ ፔሪ፣ ኤሪ ሐይቅ ዳር ነው፤ ነፋሱ አያስተኛም። በሰዓት 16 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ የጎን ነፋስ 175 ግሬኑን 1000 ያርድ ላይ ከሁለት ሜትር በላይ ይገፋዋል። በ2007 ለዒላማ ውድድር ተብሎ የወጣው 6.5 ክሪድሙር የተባለው ካሊበር በ140 ግሬን አረር ከዚህ ላይ ግማሽ ሜትር ገደማ ይቀንስላችኋል። ትከሻንም ብዙ አይመታም። ቱቦው ግን ከ.308 ቶሎ ያልቃል።

እኔን ከጠየቃችሁኝ፣ ለጀማሪ .308 ይበቃል። ነፋስን ማንበብ ያስተምራል፤ ስህተታችሁን አይደብቅም።

ከሦስት ዓይነት የአረር ክብደት አንድ አንድ ካርቶን ግዙ። 100 ያርድ ላይ ከእያንዳንዱ አምስት አምስት ተኩሱ። ወረቀቱን አትጣሉ፤ ቀዳዳዎቹን በማስመሪያ ለኩና ቀኑን፣ ክብደቱንና ነፋሱን እዚያው ላይ ጻፉበት። ቅዳሜ ይዛችሁልኝ ኑ።