ስለ ድምፅ አልባ ፊልሞችና ስለ እኛ፦ ጠይቃችሁኝ ነበር፣ ልመልስ

ሰላም እህት ወንድሞቼ። የምጽፍላችሁ ከደሴ ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል፣ ቡናዬም ቶና ላይ ደርሷል።

ከጥቂት ዓመታት ወዲህ ድምፅ አልባ ፊልሞችን እየፈለግሁ አያለሁ፤ በተለይ እኛን ዜጎችን፣ ማለትም የራሳችንን ጾታ የምንወደውን፣ የሚመስሉ ሰዎች ያሉባቸውን። አይቼ ዝም ማለት ስላልቻልኩ ለማምናቸው ጓደኞቼ አካፍላለሁ። ጥያቄው ሲበዛ ዛሬ ቁጭ ብዬ ለመመለስ ወሰንኩ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ድምፅ የሌለው ፊልም እንቅልፌን ያመጣዋል። ከየት ልጀምር?

አብሽሪ እህቴ፣ ከሚያስቀው ጀምሪ። ኤርንስት ሉቢች በ1918 ጀርመን ውስጥ የሠራው «ወንድ መሆን አልፈልግም» የሚባል ፊልም አለ። 45 ደቂቃ ያህል ቢሆን ነው። ኦሲ ማጨስና ቁማር የምትወድ ልጅ ናት፤ ቤት ያሉት ሁሉ ይቆጧታል። ሄዳ የወንድ ሱፍ ታሰፋለች፤ ወንድ መስላ ጭፈራ ትወጣለች። እዚያ ያንን ጥብቅ አሳዳሪዋን ታገኘዋለች። እሱ አላወቃትም። ይጠጣሉ፣ ይሰክራሉ፣ ይሳሳማሉ። እሱ የሚስመው ወጣት ወንድ መስሎት ነው! መጨረሻው እንደ ወጉ ይታረቃል። እኔ ግን ለመሀሉ ስል ደጋግሜ አይቼዋለሁ።

ጥያቄ፦ በዚያ ዘመን እንደኛ ያለ ሰው በግልጽ የታየበት ፊልም አለ ወይ?

አለ። በጀርመንኛ «አንደርስ አልስ ዲ አንደርን» ይባላል፤ እኔ «ከሌሎቹ የተለየ» እለዋለሁ። በ1919 የወጣ ነው። ዳይሬክተሩ ሪቻርድ ኦስቫልድ ሲሆን አብሮት የጻፈው ሐኪሙ ማግነስ ሂርሽፌልድ ነው። ሂርሽፌልድ ራሱም ፊልሙ ውስጥ ሐኪም ሆኖ ይታያል።

ታሪኩ ይኸው። ፓውል የታወቀ ቫዮሊን ተጫዋች ነው፤ ኮንራድ ፋይት ነው የሚሠራው። ከአንድ ተማሪው ጋር ይዋደዳሉ። አንድ ሰው ይህን ያውቅና «ገንዘብ አምጣ፣ አለዚያ አጋልጥሃለሁ» ይለዋል። ፓውል ይከፍላል። አሁንም ይከፍላል። በመጨረሻ ይመረውና ነገሩ ፍርድ ቤት ይደርሳል። አስፈራሪው ይፈረድበታል። ፓውልም ወንድ ከወንድ ጋር መገናኘትን በሚቀጣው አንቀጽ 175 በሚባለው የጀርመን ሕግ ይፈረድበታል። ዳኛው አዝነው የሰጡት አንድ ሳምንት ብቻ ነው። ግን ስሙ ጠፋ፣ ሥራው ጠፋ፣ ራሱንም አጠፋ።

ማስፈራሪያው ሲመጣበት ፋይት ፊቱን ምን እንደሚያደርገው እዩልኝ። እዚህ ያለን ሰዎች ያንን ፊት እናውቀዋለን። እኛም አገር እንዲሁ የሚቀጣ የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 629 አለ። ሕግ ፍቅርን ወንጀል ካደረገው አስፈራርቶ የሚበላ አይጠፋም፤ ፊልሙ ይህን የተናገረው ከመቶ ዓመት በፊት ነው። መጀመሪያ ያየሁት ስልኬን ብርድ ልብስ ውስጥ ይዤ ነበር። ሲያልቅ እንደገና ከመጀመሪያው ከፈትኩት።

በ1920 ታገደ። ከሐኪሞችና ከተመራማሪዎች በቀር ማንም እንዳያየው ተባለ። በግንቦት 1933 ናዚዎች የሂርሽፌልድን የጾታ ጥናት ተቋም ዘረፉ፤ መጻሕፍቱንም አደባባይ ላይ አቃጠሉ። ፊልሙ የተረፈልን ሂርሽፌልድ በ1927 አሳጥሮ በሌላ ፊልም ውስጥ ስላስገባው ነው። አሁን የምናየው 50 ደቂቃ ገደማ ነው፤ የጎደለው ቦታ በፎቶና በጽሑፍ ተሞልቷል። አንቀጽ 175 ራሱ ሙሉ በሙሉ የተሰረዘው በ1994 ነው። ሂርሽፌልድ ያንን ቀን አላየም፤ በ1935 በስደት ሞተ።

ጥያቄ (ከኮምቦልቻ)፦ «ዊንግስ» ላይ ሁለት ወንዶች ይሳሳማሉ ይባላል። የኛ ፊልም ነው ማለት ነው?

ወንድሜ፣ እዚህ ላይ ጠንቀቅ እንበል። «ዊንግስ» የ1927 የጦርነት ፊልም ነው፤ ለምርጥ ፊልም የመጀመሪያውን ኦስካር ያገኘ። ጓደኛው ከጠላት ሰርቆ በሚያበረው አውሮፕላን ሲመለስ፣ ሌላው አብራሪ ጠላት መስሎት ይመታዋል። ጓደኛው እጁ ላይ ሊሞት ሲል ይስመዋል።

አሜሪካዊ ሲያየው ይደነግጣል። የወሎ ሰው ምን ይላል? እኛ ዘንድ ወንድና ወንድ ጣት ለጣት ተያይዞ ከፒያሳ እስከ ሸዋ በር ይሄዳል። ሲገናኝ ጉንጭ ለጉንጭ ይሳሳማል። ማንም ዞር ብሎ አያይም። ስለዚህ «ተሳሳሙ» የሚለው ብቻውን ለእኛ ማስረጃ አይሆንም። እኔ የማየው ሌላውን ነው፤ ፊልሙ ውስጥ ካሉት ፍቅሮች ሁሉ ጥልቅ ሆኖ የተሳለው የትኛው ነው? መልሱን አንተው አይተህ ንገረኝ። የኛ ነው ብዬ አልምልም፤ የኛ አይደለም የሚለኝንም ዝም ብዬ አልሰማውም።

ጥያቄ፦ ለምንድነው ይህን ያህል ፊልም የጠፋው?

የዚያ ዘመን ፊልም የተሠራበት ናይትሬት የሚባለው ነገር እንደ ክብሪት ይነዳል። ባይነድም ይበሰብሳል። ድምፅ ያለው ሲመጣ ደግሞ አሮጌውን ማን ይፈልገዋል ተባለና ተጣለ። የአሜሪካ ኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት በ2013 ባወጣው ጥናት፣ ከ1912 እስከ 1929 አሜሪካ ውስጥ ከወጡት 10,919 ረጃጅም ድምፅ አልባ ፊልሞች በመጀመሪያ መልካቸው የተረፉት 14 በመቶ ብቻ ናቸው።

ጥያቄ፦ ጽሑፎቹን ወደ አማርኛ መመለስ እፈልጋለሁ። ከባድ ነው?

ሥራው ቀላል ነው፤ ቋንቋው ነው የሚፈትነው። ድምፅ አልባ ፊልም ንግግሩ በካርድ ላይ ተጽፎ ስለሚመጣ ብዙ አይደለም። ሰብታይትል ኤዲት በሚባለው የትርጉም ጽሑፍ መሥሪያ ፕሮግራም ጻፊው፣ ስታስቀምጪ የፊደል አቀማመጡን ዩቲኤፍ 8 ምረጪ፤ አለዚያ ፊደላችን ተበላሽቶ ይወጣል።

አሁን ወደ ፈተናው። አማርኛ አንተና አንቺን ግሱ ውስጥ ይከትታል። እንግሊዝኛ ማምለጥ ይችላል፣ እኛ አንችልም። አሳዳሪው ወንድ የመሰለችውን ኦሲን ሲያናግር ምን ብለን እንጻፍ? እኔ «አንተ» አልኩ፤ እሱ የሚያየው ወንድ ነውና። አሜሪካ ውስጥ በ1914 የወጣው «ኤ ፍሎሪዳ ኢንቻንትመንት» ላይ ደግሞ አንዲት ሴት ፍሬ ትውጥና ወንድ ትሆናለች። እሷ የሚለውን ትቼ እሱ ማለት ከየትኛው ካርድ ልጀምር? ሦስት ቀን ተከራክረንበታል። በመጨረሻ እሱ ራሱ ስሙን ሲቀይር እኛም ቀየርን።

«እርስዎ» እና «አንቱ» ግን በረከት ናቸው። ጾታ አይነኩም። «የኔ ፍቅር» ም እንደዚያው። አማርኛችን መደበቂያም መግለጫም እንዳለው የገባኝ እነዚህን ካርዶች ስመልስ ነው።

ስለዚሁ የ1914 ፊልም አንድ ነገር ሳልናገር አላልፍም። ጥቁር አገልጋዮቹን የሚጫወቱት ፊታቸውን ጥቁር የቀቡ ነጮች ናቸው። ያስቆጣል፤ ሊያስቆጣም ይገባል። ለሰው ሳሳይ አስቀድሜ እነግራለሁ። ለእኛ ጾታ መንገድ የከፈተ ፊልም በእኛው ቆዳ ላይ ሲያላግጥ ዝም ብዬ አላሳልፈውም።

ጥያቄ፦ ዝም ብሎ ይታያል ወይስ ሙዚቃ ይገባበታል?

ድሮም በዝምታ አይታይም ነበር። ፒያኖ ይመታ ነበር፤ ጃፓን ውስጥ ደግሞ ቤንሺ የሚባል ተራኪ ቆሞ ታሪኩን ያወራ ነበር። የኛን ትርጉም ፊልም አስቡት፤ አንድ ሰው ሁሉንም ሆኖ ሲያወራ። ቤንሺ ለእኛ ባዕድ አይደለም።

እኔ ክራር የምትመታ ጓደኛ አለችኝ። ኮምፒውተሩን ድምፁን ዘግተን እሷ ታጅበዋለች። አምባሰልና ባቲ የዚሁ የወሎ ቅኝት ናቸው፤ ስማቸውም የአገራችን ስም ነው። ፓውል ብቻውን ሲቀር በአምባሰል ስትገባ ክፍሉ ውስጥ የነበርነው ሁሉ አንገታችንን ደፋን። እኔን ካመናችሁ ለዳንሱ ባቲ፣ ለመለያየቱ አምባሰል።

ጥያቄ፦ ሴት ሴትን የምትወድበትስ?

የ1929ኙን «የፓንዶራ ሳጥን» እዪ። ዳይሬክተሩ ፓብስት ነው። ካውንቴስ ጌሽቪትስ የፊልሙን ዋና ሴት ሉሉን እንዴት እንደምታያት ተመልከቺ፤ ሲደንሱ በተለይ። በዓይን ለሚማረክ ደግሞ አላ ናዚሞቫ የተወነችበት የ1923ቱ «ሳሎሜ» አለ፤ ከኦስካር ዋይልድ ቲያትር የተወሰደ።

ጥያቄ (ከአንድ አባት)፦ ልጄ፣ ይህ ሁሉ የፈረንጅ ነገር ነው። ለወሎ ሰው ምን ይረባዋል?

አባቴ፣ በአክብሮት ስለጠየቁኝ እግዜር ይስጥልኝ። ታሪኮቹ የፈረንጅ ናቸው፤ አልክድም። ግን ስዊድናዊው ማውሪትስ ስቲለር አንድ ቀራፂ ወጣት ሞዴሉን ሲወድ የሚያሳየውን «ቪንጋርነ» ያወጣው በ1916 ነው። ንጉሥ ሚካኤል በሰገሌ የተማረኩበት ዓመት። አይጠየፍ አዳራሽ ያኔ አዲስ ነበር። በዚያ ዘመን ደሴም ውስጥ ሰው ይወድ ነበር፤ ካሜራ ብቻ አልነበረም። የኛን የቀረጸልን ስለሌለ የሌላውን እያየሁ የኛን አስባለሁ። እርስዎ ባይስማሙም ስለሰሙኝ ደስ ብሎኛል።

ጥያቄ፦ ሳልጋለጥ እንዴት ላካፍል?

አብዛኞቹ የቆዩ ስለሆኑ ኢንተርኔት አርካይቭ በሚባለው ድረ ገጽ ላይ በነፃ ይገኛሉ። ለስልክ 480 የሚባለው የምስል ጥራት ይበቃል። ከእጅ ወደ እጅ፣ በፍላሽ ወይም በሜሞሪ ስጡ። በትልልቅ ግሩፕ አትልቀቁ። የማንንም ስም፣ የማንንም ፎቶ ከፊልሙ ጋር አታያይዙ። ሰውዬውን በደንብ ካላወቃችሁት ቆዩ፤ ፊልሙ መቶ ዓመት ጠብቋል፣ አንድ ወር አይጎዳውም።

ጥያቄ፦ ቀጥሎ ወደ አማርኛ የምትመልሰው የትኛውን ፊልም ነው?

«ሚካኤል»። ድራየር በ1924 የሠራው፣ ከ«ቪንጋርነ» ጋር ከአንድ ልብ ወለድ የተቀዳ ነው፤ ደራሲው ሄርማን ባንግ። እዚህ ግን አፍቃሪው ሠዓሊ ነው፤ አርጅቷል፣ ወጣቱ ደግሞ ወደ አንዲት ልዕልት ልቡ ሄዷል። ካርዶቹን ጀምሬአለሁ። ሽማግሌው ሚካኤልን «አንተ» ይበለው፣ ሚካኤል ግን «አንቱ» ይበለው ወይስ «አንተ»? የሚረዳኝ ካለ ይጻፍልኝ።