ጥያቄ ይዛችሁ ግቡ፦ ከባሕር ዳር ለዲያስፖራው ወገኔ

ረጅሙን የጎልማሳነት ዘመኔን በውጭ አገር አሳልፌ አሁን የምኖረው በባሕር ዳር፣ ከጣና ብዙም በማይርቅ ቤት ውስጥ ነው። በየዓመቱ ለዕረፍት የሚመጡ ወገኖቼን ሳስተናግድ አንድ ነገር ደጋግሜ አስተውላለሁ። ስለ አገራቸው ፖለቲካ የዕለት ተዕለት ውሎ ከእኛ ከነዋሪዎቹ በላይ ያውቃሉ፤ ማን ከማን ጋር እንደተጣላና ማን ምን እንደተናገረ በየሰዓቱ ይነግሩናል። ሐይቁ በየትኛው ወር እንደሚሞላና በየትኛው እንደሚጎድል፣ ቀረሶና አምባዛ የሚባሉት ዓሦች በምን እንደሚለያዩ ወይም በሐይቁ ዳር ያለው የዘጌ ምድር ለምን በበሬ እንደማይታረስ የሚጠይቅ ግን ከመካከላቸው ጥቂት ነው። ለአገራቸው ያላቸው ፍቅር እውነተኛ መሆኑን ስለማውቅ ይህ ያሳስበኛል።

ምክንያቱ አይጠፋኝም። ሁለት ሥራ የሚሠራ፣ ሌሊት ፈረቃ አድሮ ጠዋት ልጁን ትምህርት ቤት የሚያደርስ ሰው ድካሙን የሚያሳርፍበት የቅርብ ነገር ስልኩ ነው። ቤተሰቡ አገር ቤት ስላለ ዜና መከታተል ግዴታው ሆኖ ይሰማዋል፤ አለመከታተሉን ዘመድን እንደ መርሳት ይቆጥረዋል። ዩቲዩብ፣ ፌስቡክና ቲክቶክ ደግሞ ቀጥለው የሚያቀርቡልን ነገር የሚመረጠው በአብዛኛው «ይህ ሰውየውን ረዘም ላለ ጊዜ ያቆየዋል» ተብሎ በሚገመተው ልክ እንጂ በሚጠቅመው ልክ አይደለም፤ የሚያስቆጣና የሚያስደነግጥ ነገር ደግሞ ሰውን በደንብ ያቆያል። በዚህ መንገድ ሰዓታት ካለፉ በኋላ ተመልካቹ ስሜት ይዞ ይነሣል፤ ያየውን ለልጁ ወይም ለሥራ ባልደረባው ረጋ ብሎ እንዲያስረዳ ቢጠየቅ ግን ብዙ የሚለው አያገኝም።

«ስልኩን ተዉት» የሚለው ምክር ብቻውን አይበቃም፤ የተተወው ጊዜ ባዶ ከሆነ ሰው ተመልሶ ወደዚያው ይገባል። ስለዚህ እኔ የምመክረው ሌላ ነው። በእጃችሁ የምትሠሩት፣ በጆሯችሁ የምትለማመዱት ወይም በዓይናችሁ የምትከታተሉት አንድ ጠባብ ጉዳይ ያዙ፤ ከዚያም የምታዩትንና የምታነቡትን ያ ጉዳይ ይምረጥላችሁ። ጉዳይ ያለው ሰው ጥያቄ አለው፤ ጥያቄ ያለው ሰው ደግሞ ወደ ሚዲያ የሚገባው የሚፈልገውን ይዞ ለመውጣት ነው።

ከወፍ ልጀምር፤ በሰሜን አውሮፓ ለምትኖሩት ቅርብ ነውና። በፊንላንድ፣ በባልቲክ አገሮችና በምዕራብ ሩሲያ ረግረጎች የሚፈለፈል፣ ክሬን የሚባል፣ እግሩም አንገቱም የረዘመ ግራጫ ወፍ አለ። ብርዱ ሲቃረብ በመንጋ ወደ ደቡብ ይነሣል፤ ከእነዚህ ወፎች ብዙዎቹ በመካከለኛው ምሥራቅ በኩል አድርገው እስከ ኢትዮጵያ ይደርሳሉ። የጣና ዳር ረግረጎችና የፎገራ ሜዳ ከዋና ዋና የክረምት መጠለያዎቻቸው መካከል ናቸው፤ ክረምት ስል የእነሱን ክረምት ማለቴ ነው፣ ለእኛ ጊዜው በጋ ነው። ከጥቅምት መጨረሻ አንሥቶ እስከ የካቲት ድረስ በታጨደ ማሳ ላይ የረገፈ እህል ሲለቅሙ ይውላሉ፤ ሲመሽ ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ። ሄልሲንኪ ወይም ታሊን የሚኖር ኢትዮጵያዊ በመስከረም በራሱ ላይ ሲያልፉ ያያቸውን ዓይነት ወፎች እኔ በኅዳር እዚህ አገኛቸዋለሁ። ይህን ያወቀ ሰው በሚኖርበት ከተማ ሰማይ ላይ የአገሩን መንገድ ማየት ይጀምራል።

ለዚህ የሚያስፈልገው መሣሪያ ትንሽ ነው። ያገለገለ የእጅ መነጽር በርካሽ ይገኛል። በአሜሪካ የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የአዕዋፍ ጥናት ማዕከል ያዘጋጃቸው ሜርሊንና ኢበርድ የሚባሉ መተግበሪያዎች ደግሞ በነፃ ናቸው። ሜርሊን በፎቶ ወይም በድምፅ ተመርቶ ወፉ የትኛው ሊሆን እንደሚችል ይጠቁማል፤ ኢበርድ ተራ ሰዎች ያዩትን ወፍ በቦታና በቀን የሚመዘግቡበት ነው። መተግበሪያው የነገራችሁን ግን በዓይናችሁ ሳታረጋግጡ አትመዝግቡ። ያየሁትን ካላየሁት ለይቼ ልጻፍ የሚለው ልማድ እዚህ ከተተከለ በኋላ ዜና ስታነቡም አብሯችሁ ይኖራል፤ ወፍ መመልከትን ከሁሉ አስቀድሜ የምመክረውም ለዚህ ነው።

ሙዚቃ ለሚወድ ሰው በገና አለ። ከሩቅ ሆነው በቪዲዮ ጥሪ የሚማሩ ወጣቶች አውቃለሁ። የበገናን የሚርገበገብ ድምፅ የሚያመጣው በእያንዳንዱ አውታርና አውታሮቹ በሚያርፉበት እንጨት፣ በብርኩማው፣ መካከል የምትገባው እንዚራ የምትባል ትንሽ የቆዳ ቁራጭ ናት። ተማሪው አውታሩን በአንድ ጣት እየነካ በሌላው እጁ እንዚራዋን በጣም በጥቂቱ ገፋ፣ መለስ ያደርጋታል፤ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ የደረቀ ይሆናል፣ ከዚያ ትንሽ አለፍ ሲል ይጮኻል፣ በመካከል ግን ንዝረቱ ሙሉ ሆኖ የሚወጣበት ቦታ አለ። ይህንን በአሥሩም አውታር ላይ ያደረገ ሰው ከዚያ በኋላ የቀድሞ ደርዳሪዎችን ቅጂ ሲሰማ ከዚህ በፊት ያልሰማውን ይሰማል፤ ቅኝቱ ትዝታ ነው ወይስ አንቺ ሆዬ ብሎ ይጠይቃል፤ ለአንድ ቅጂ ግማሽ ሰዓት ቢሰጥ አይቆጨውም። መሣሪያውን ለመግዛት ግን አትቸኩሉ። አስቀድማችሁ ስሙ፣ መምህር ፈልጉ፣ ከሥራ በኋላ ለልምምድ የሚተርፋችሁን ጊዜ በእውነት አስሉት።

አሁን ስለ ሚዲያው ራሱ ልናገር፤ ምሳሌ የማደርገውም ደጃፌ ላይ ያለውን ውኃ ነው። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ እንደ ክር ቀጥኖ የሚታይበት ፎቶ «ዓባይ ደረቀ» ከሚል ጽሑፍ ጋር ቢደርሳችሁ ምን ትጠይቃላችሁ? የመጀመሪያው ጥያቄ ወሩ ነው። ጣና ከፍ የሚለው ክረምቱ ሊወጣ ሲል በመስከረም አካባቢ ሲሆን ዝቅ የሚለው ዝናቡ ከመግባቱ በፊት በግንቦትና በሰኔ ነው፤ ፏፏቴውም ወቅትን ይከተላል። ሁለተኛው ጥያቄ ውኃው በየት በኩል ሄደ የሚል ነው። የጢስ ዓባይ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ከ1964 እ.ኤ.አ. ጀምሮ፣ ሁለተኛው ደግሞ ከ2001 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ውኃውን ከፏፏቴው በላይ በመጥለፍ ኃይል እንዲያመነጩ ተሠርተዋል። ሐይቁ ወደ ዓባይ በሚወጣበት በጨራጨራ በ1996 እ.ኤ.አ. የተጠናቀቀው መቆጣጠሪያ ግድብ የሚለቀቀውን ውኃ ይመጥናል። በ2010 እ.ኤ.አ. የተመረቀውና 460 ሜጋ ዋት የማመንጨት ዐቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ ደግሞ ከሐይቁ ውኃ ወስዶ በዋሻ ወደ በለስ ተፋሰስ ያሳልፋል። እንግዲህ ፎቶው እውነተኛ ሆኖ ሳለ ከሥሩ የተጻፈው ስሕተት ሊሆን ይችላል። ይህን ለማወቅ የውኃ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ሐይቁን ጉዳዬ ብሎ ለአንድ ዓመት ያህል በትርፍ ጊዜው ያነበበለት ሰው ይደርስበታል።

እምቦጭም እንዲሁ ነው። አረሙ በጣና ላይ መታየቱ ከተነገረ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ብዙ ተብሎለታል፤ «ሐይቁ አለቀለት» የሚሉም «ጠፍቷል» የሚሉም ቪዲዮዎች አሉ። አረሙ የሚንሳፈፍ በመሆኑ ነፋስ ከቦታ ቦታ ይወስደዋል፤ በብዛት የተንሰራፋውም በሰሜን ምሥራቅ ዳርቻ በደምቢያ፣ በሊቦ ከምከምና በፎገራ በኩል ነው። ስለዚህ ባሕር ዳር ከተማ ላይ ቆሞ ንጹሕ ውኃ ያሳየ ሰው አልዋሸም፤ ያሳየው ግን ስለ ሐይቁ በሙሉ የሚናገር ማስረጃ አይደለም። የት ቆሞ፣ መቼ፣ ወደ የት አቅጣጫ ተመልክቶ ቀረጸው ብሎ መጠየቅ ለሌላውም ዜና ሁሉ ይሠራል።

በተለይ ጦርነትና ሥጋት ባለበት ዘመን ይህ ልማድ ከትርፍ ጊዜ ጨዋታነት ያልፋል። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለብዙ ወራት ተቋርጦ ነበር። በዚያ ጊዜ በቦታው የነበሩ ሰዎች ያዩትን ለመናገር መንገድ አልነበራቸውም፤ ስለ እነሱ የሚናገረው ድምፅ ግን አልቀነሰም። እንዲህ ያለ ጊዜ ሲመጣ ከሩቅ ሆኖ ሁሉን በእርግጠኝነት የሚናገረውን ሰው ከመስማት በፊት እባካችሁ ቆም በሉ። ያየውን ከሰማው ለይቶ የሚናገር፣ ቀኑንና ቦታውን የሚጠቅስ፣ ቀደም ሲል የተናገረው ስሕተት ሆኖ ሲገኝ የሚያርም ዘጋቢ ካገኛችሁ እሱን ያዙ፤ እንዲህ ዓይነቱ ሰው ጥቂት ነው፣ ጥቂት መሆኑም የምትከታተሉትን ለማሳነስ ይረዳችኋል። ፎቶን በጉግል ሌንስ መልሶ መፈለግ የደቂቃ ሥራ ነው። አንድ የሚያስቆጣ ነገር ለቤተሰብ የቴሌግራም ቡድን ከማስተላለፋችሁ በፊት አንድ ቀን ብታሳድሩት የሚጎድልባችሁ ነገር የለም፤ እዚህ ያለች እናት ግን ከአንድ ሌሊት ጭንቀት ልትድን ትችላለች።

ከሁሉ የቀረበው ምንጭ ደግሞ ስልክ የምትደውሉለት ዘመዳችሁ ነው። አብዛኛው ጥሪያችን «ሁሉ ሰላም?» «እግዚአብሔር ይመስገን» ተባብለን፣ ስለ ተላከ ገንዘብ አውርተን የምንዘጋው ነው። አንድ የማውቀው ወጣት ከካናዳ ዘጌ ላሉት አባቱ ደውሎ፣ ከሰላምታው በኋላ «አባባ፣ ዘጌ ለምንድን ነው የማይታረሰው?» ብሎ ጠየቃቸው። ሽማግሌው ዝም አሉ፤ ከዚያ «ይህን ደግሞ ዛሬ ምን አስጠየቀህ?» አሉት፤ ደስ እንዳላቸው ግን ድምፃቸው ያሳብቅ ነበር። በገዳሙ ትውፊት መሠረት በበሬ ማረስ የተከለከለ መሆኑን፣ የአገሩ ሰው በቡና፣ በጌሾና በሎሚ እንደሚተዳደር፣ ደኑ እስከ ዛሬ የቆመውም በዚሁ እንደሆነ አጫወቱት፤ ከእሳቸው አባት የሰሙትን ጨመሩበት። ከዚያ ወዲህ ልጁ በየሳምንቱ አንድ ጥያቄ አዘጋጅቶ ይደውላል፤ የሚሰማውንም በደብተር ይጽፋል። ወላጆቻችሁ በሕይወት ካሉ ይህን ዛሬ ጀምሩት፤ ሌላውን ምክሬን ሁሉ ብትተዉት እንኳ ይህን አትተዉብኝ።

ግእዝና ብራና የሚስበው ሰው ካለ፣ ሚኒሶታ ኮሌጅቪል የሚገኘው የሂል የብራና ቤተ መዘክር ከ1973 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በኢትዮጵያ በማይክሮፊልም የተነሡ መጻሕፍትን ቅጂ ያስቀመጠ ቦታ ነው፤ ታላቁ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ ብዙ ዘመናቸውን እነዚያን ብራናዎች በመመርመርና ዝርዝራቸውን በማዘጋጀት ያሳለፉት በዚያ ነው። ከስብስቡ ብዙው ዛሬ ተመዝግቦ ለገባ ሁሉ በኢንተርኔት በነፃ ይታያል። ፊደል የሚያነብ ሰው አንድ ገጽ ከፍቶ በቀይ ቀለም የተጻፉትን ስሞች በመለየት ሊጀምር ይችላል። ለአትክልት የሚመች በረንዳ ያለውም ጤና አዳም ይትከል፤ በሶብላ ሙቀት ስለሚወድ እሱን በመስኮት አጠገብ ከቤት ውስጥ ያድርገው።

የመረጣችሁት ጉዳይ ምንም ይሁን ምን፣ ቢያንስ አንድ ዓመት ሳትቀይሩት ቆዩበት፤ በየወሩ አዲስ ነገር መጀመርም ራሱ የመቅበዝበዝ ዓይነት ነው። መኪና እየነዳችሁ የምትሠሩ ከሆነ ጆሯችሁ ለረጅም ሰዓት ነፃ ነውና ያንን ሰዓት ለዚሁ ጉዳይ ስጡት። አንድ ፕሮግራም ካዳመጣችሁ በኋላ የተማራችሁትን በሦስት ዐረፍተ ነገር ጻፉ፤ ደጋግማችሁ የምትጽፉት ካጣችሁ ያንን ፕሮግራም ተዉት። የያዛችሁትን ገና በደንብ ሳታውቁ ቻናል ለመክፈት አትነሡ፤ ተመልካች መቁጠር ሲጀመር ጥያቄው ይቀራል። ልጆቻችሁም እናትና አባታቸው የማያውቁትን ነገር ተቀምጠው ሲማሩ ይዩአችሁ፤ በሚኖሩበት ከተማ ያለው የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በነፃ የሚያውሰው መጽሐፍ ብዙ ነው፣ የሌለውንም ከሌላ ቦታ እንዲያስመጣላችሁ የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኛ ጠይቁ።

ወደ ባሕር ዳር ስትመጡ ከመነሣታችሁ በፊት የአካባቢውን ሁኔታ ከቤተሰብ አረጋግጡ። ለወፍ የምትመጡ ከሆነ ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመቻል፤ ለጢስ ዓባይ ግን ነሐሴና መስከረም ይሻላሉ። ከሐይቁ የደሴት ገዳማት ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴቶች አይገቡባቸውም፤ ቤተሰባችሁን ይዛችሁ ከሆነ ዑራ ኪዳነ ምሕረትን ወይም በደቅ ደሴት ያለችውን፣ እቴጌ ምንትዋብ ያሠሯትን ናርጋ ሥላሴን ምረጡ። ለጀልባው አስቀድማችሁ ተነጋገሩ፤ ማለዳ ሐይቁ ጸጥ ያለ ስለሆነ ጉዞው ይቀላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሣል። ጥያቄዎቻችሁንም ጽፋችሁ ኑ፤ ከቀዛፊዎቹና ከመነኮሳቱ መካከል ጊዜ ሰጥቶ የሚመልስላችሁ ሰው ታገኛላችሁ።