የማድ ቤት ጭስና የፊት ቆዳ

ጥያቄ፦ የፍኖተ ሰላም ነዋሪ ስሆን የምተዳደረው በማገዶ እንጀራ እየጋገርኩ በመሸጥ ነው። ከጊዜ ወዲህ ጉንጬና ግንባሬ ላይ ማዲያት ወጥቶብኛል፤ አጠገቤ የምትውለው ትንሿ ልጄም በክርኗና በጉልበቷ መታጠፊያ ያለባት ችፌ ጭስ በበዛበት ቀን ይብስባታል። ጎረቤቶቼ የምድጃው ሙቀት ነው ይሉኛል። ጭሱ ራሱ ቆዳን ይጎዳል ወይ? ፊት የሚያጠራ ቅባትስ ልግዛ?

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ አዎን፣ ጭሱ ራሱ ቆዳን ይጎዳል። ለሳንባ መጥፎ መሆኑን ሁሉም ያውቃል፤ በቆዳ ላይ የሚያደርሰው ጉዳት ግን እምብዛም አይነገርም።

እርጥብ ባህር ዛፍ ወይም ኩበት ሲነድ ከሚወጡት ብናኞች ክፉዎቹ ከ2.5 ማይክሮሜትር በታች የሆኑት፣ ማለትም ከአንድ የራስ ፀጉር ውፍረት ከሃያ እጅ በላይ የሚያንሱት ናቸው። የማድ ቤትዎን ጣሪያ ያጠቆረው ጥቀርሻ የእነዚሁ ክምችት ሲሆን፣ ምድጃው ላይ ባጎነበሱ ቁጥር ያው ብናኝ ፊትዎ ላይ ያርፋል። ብናኞቹ እንጨት በሚገባ ሳይቃጠል ሲቀር የሚፈጠሩ፣ በስብ የሚሟሙ ኬሚካሎችን ተሸክመው ስለሚመጡ፣ ኬሚካሎቹ በቆዳ ወዝ በኩል ሰርገው በመግባት ሕዋሳትን ያስቆጣሉ፤ ቀለም አመንጪዎቹን ያነሳሳሉ፣ የቆዳን ውጫዊ መከላከያም ያሳሳሉ። የችፌ ሕመምተኛ መከላከያ ቀድሞውኑ ደካማ በመሆኑ ልጅዎ ከእርስዎ ይልቅ ትጎዳለች።

እ.ኤ.አ. በ2010 የወጣ አንድ ጥናት በጀርመን አረጋውያን ሴቶች ላይ የመኪና ጥቀርሻ ከግንባርና ከጉንጭ ነጠብጣብ መብዛት ጋር እንደሚያያዝ አሳይቷል። ያ ነጠብጣብ ከማዲያት ጋር አንድ አይደለም፤ ማዲያትን ፀሐይ፣ እርግዝናና አንዳንድ የወሊድ መከላከያዎችም ያመጡታል፣ ሙቀትም ያባብሰዋል፤ ስለዚህ ጎረቤቶችዎ ፈጽሞ አልተሳሳቱም።

የዓለም ጤና ድርጅት እነዚህ ደቃቅ ብናኞች በ24 ሰዓት አማካይ በአንድ ሜትር ኩብ አየር ከ15 ማይክሮግራም እንዳይበልጡ ይመክራል፤ በማገዶ የሚጋገርበት ዝግ ማድ ቤት ይህን በብዙ እጥፍ ያልፋል። ስለዚህ ቅባት ከመግዛትዎ በፊት ገንዘቡን ጭስ ማውጫ ላለው ምድጃ እንዲያውሉት አጥብቀን እንመክራለን። የጎጃም ክረምት ረጅም ስለሆነ እንጨቱን ከሰኔ በፊት ፈልጠው ያድርቁ፤ ሲጋግሩም ልጅዎ ሌላ ቤት ትቆይ። ከጋገሩ በኋላ ፊትዎን ሳይፈትጉ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ይታጠቡ፤ የልጅዎን ገላ ከታጠበ በኋላ ርጥበቱ ሳይደርቅ ቫዝሊን ይቀቡ፤ ገበያ ሲወጡም ጥላ ይያዙ።

በየሱቁ የሚሸጡትን ፊት የሚያጠሩ ቅባቶች ግን እባክዎ አይንኩ። አንዳንዶቹ ስቴሮይድ ወይም ሜርኩሪ ስላለባቸው ቆዳን ያሳሳሉ፣ ሲያቆሟቸውም ፊት ይብሳል። የልጅዎ ችፌ ውኃ ወይም መግል ከቋጠረ፣ ወይም በማንኛችሁም ገላ ላይ ሲነካ የማይሰማ የደበዘዘ ምልክት ከታየ፣ ሁለተኛው የሥጋ ደዌ ምልክት ሊሆን ስለሚችል፣ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ጣቢያ ይሂዱ።