የቁጥጥር ፔፕታይዱም ቲኤንኤፍን ከቀነሰ

የእህታችን ጥያቄ ባጭሩ ይህ ነው። ማክሮፋጆች (የበሽታ መከላከያ ሴሎች) ላይ የብግነት ምልክትን የሚያግደውን ኤንቢዲ ፔፕታይድ (አጭር የአሚኖ አሲድ ሰንሰለት) ጨምራ በኤልፒኤስ (የባክቴሪያ ሽፋን ክፍል) ስትቀሰቅሳቸው ቲኤንኤፍ (ሴሎቹ የሚለቁት የብግነት ፕሮቲን) ቀነሰላት። ግን ምንም መሥራት የሌለበት የቁጥጥር ፔፕታይድም እኩል ቀነሰባት። «ሻጩ አሳስቶ ልኮልኝ ይሆን?» ትላለች።

በዚህ ፔፕታይድ ደጋግሜ ስለሠራሁ፣ ሻጩን ከመውቀስሽ በፊት ሌላ ነገር እንድትፈትሺ እመክርሻለሁ።

ፔፕታይዱ ሁለት ክፍል አለው። ሥራውን የሚሠራው አይኬኬ ቤታ ከተባለው ኢንዛይም መጨረሻ አካባቢ የተቀዳው 11 አሚኖ አሲድ ነው። ኔሞ በተባለው የአይኬኬ አጋር ፕሮቲን ላይ ቀድሞ ይቀመጥና አይኬኬ እንዳይያያዘው ይከለክላል። ያኔ የብግነት ጂኖችን የሚያበራው ኤንኤፍ ካፓ ቢ አይነቃም። በ2000 እ.ኤ.አ. የሳንካር ጎሽ ቡድን ያሳየው ይህንን ነው። በቁጥጥሩ ላይ ሁለቱ ትሪፕቶፋኖች በአላኒን ስለተተኩ ኔሞን አይዝም።

ሌላኛው ክፍል ፔኔትራቲን ነው፤ ፔፕታይዱን ሴል ውስጥ የሚያስገባው። እሱ ግን ቁጥጥሩ ላይም አለ! በአርጊኒንና በላይሲን የተሞላ ስለሆነ ፖዘቲቭ ቻርጅ አለው። ኤልፒኤስ ደግሞ ኔጌቲቭ ነው። ሁለቱ ሚዲያው ውስጥ ከተገናኙ ሊጣበቁ ይችላሉ፤ ፖሊሚክሲን ቢ የተባለው አንቲባዮቲክም ኤልፒኤስን የሚይዘው በዚሁ ጠባዩ ነው። ኤልፒኤሱ ሴሉ ጋ ካልደረሰ ቲኤንኤፍ ቢቀንስ ምን ይገርማል?

ይህን ለመለየት ዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ) ሥሪ። ከቀሰቀስሽ ከ15 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ሴሎቹን ሰብስቢና ፎስፎ ፒ38ን (የነቃውን ፒ38፣ ሌላ የምልክት ፕሮቲን) እና አይካፓቢ አልፋን (ኤንኤፍ ካፓ ቢን አስሮ የሚይዘውን፣ አይኬኬ ሲነቃ የሚፈርሰውን) ጎን ለጎን እዪ። የፒ38 መንገድ ከአይኬኬ በላይ ነው የሚገነጠለው። ስለዚህ ፔፕታይዱ በትክክል እየሠራ ከሆነ አይካፓቢ አልፋ ሳይፈርስ ይቆያል፣ ፒ38 ግን እንደ ወትሮው ይበራል። አይካፓቢ አልፋ ሳይፈርስ ፒ38ም ካልበራ ምልክቱ የተቋረጠው ከላይ ነው። ኢአርኬ የተባለውን ሌላ የምልክት ፕሮቲን ግን ለዚህ አትጠቀሚበት፤ ማክሮፋጅ ውስጥ የእሱም መንገድ በአይኬኬ ቤታ በኩል ያልፋል።

እኛ ላብ ውስጥ የረዳን ቀላል ነገር ነው። ፔፕታይዱን አስቀድመን እንሰጣለን፣ ከዚያ ሴሎቹን በደንብ አጥበን በአዲስ ሚዲያ ኤልፒኤስ እንጨምራለን። እንዲህ ስናደርግ ቁጥጥሩ ላይ ቲኤንኤፍ ተመለሰ፣ ዋናው ላይ ግን ዝቅ እንዳለ ቀረ። ማጠቡ ካልበቃ በኤልፒኤስ ፋንታ በአይኤል 1 ቤታ ወይም በራሱ በቲኤንኤፍ ቀስቅሺ፤ ያኔ ግን የምትለኪው ሌላ ሳይቶካይን (ሴሎች የሚለቁት የምልክት ፕሮቲን) ይሁን። ፔኔትራቲን ብቻውንም እንደ ሦስተኛ ቁጥጥር ቢኖርሽ ጥሩ ነው። ዋጋው ያስቆጫል፣ ግን ያስፈልጋል።

ሴሎቹ በሕይወት መኖራቸውንም አረጋግጪ። ፔኔትራቲን ሲበዛ የሴሉን ሽፋን ይጎዳል፤ የሞተ ሴል ደግሞ ቲኤንኤፍ አያመርትም። ከዚያው ሳህን ላይ ኤልዲኤች (ከተጎዱ ሴሎች የሚፈሰውን ኢንዛይም) ለኪ። ፔፕታይዱ የተሟሟበት ዲኤምኤስኦ በሁሉም ጉድጓድ እኩል ይሁን።

ጠርሙሱ ላይ የተጻፈው ሚሊግራም ሁሉ ፔፕታይድ እንዳይመስልሽ። ውኃና ከማጣራቱ የሚቀረው ቲኤፍኤ ጨውም አብሮ ተመዝኗል። የተጣራውን የፔፕታይድ መጠን ሻጩን ጠይቂ። የኤችፒኤልሲ ንጽሕና (ከፔፕታይዶቹ ስንቱ ትክክለኛው እንደሆነ የሚለው) ሌላ ቁጥር ነው።

ኤልፒኤሱን የጨመርሽው ፔፕታይዱ ሚዲያው ውስጥ እንዳለ ነው ወይስ አጥበሽ? ሴረም ነበረው? እነዚህን ጻፊልኝ፣ መጠኑን አብረን እናየዋለን።