መልስ፦ በባላትሮ የፖከር እጆች ደረጃ እንዴት ይወሰናል?

በፖከር ላይ በተመሠረተው የቪዲዮ ጨዋታ በባላትሮ ሦስት ዘጠኝና ሁለት ሰባት፣ አምስቱም በአንድ ምልክት፣ ጥለው ጨዋታው ለምን «ፍላሽ» (አምስት ባለ አንድ ምልክት ካርታዎች) እንዳላለው ጠይቀዋል። ጨዋታው የጣሉትን ካርታ የሚመረምረው ከከፍተኛው እጅ (የካርታ ጥምረት) ጀምሮ ወደ ታች እየወረደ ስለሆነ፣ መጀመሪያ የገጠመለትን ስም ይሰጠውና ፍለጋውን ያቆማል። የእርስዎ ካርታ ፉል ሀውስም (ሦስት ካርታ በአንድ ቁጥር፣ ሁለት በሌላ ቁጥር) ፍላሽም ቢሆንም፣ ሁለቱን አጣምሮ የያዘው «ፍላሽ ሀውስ» ከሁለቱም በላይ ስለሚገኝ የተቆጠረው በእርሱ ነው። ይህ እጅ በመደበኛው ፖከር የለም፤ በ52 ካርታ ውስጥ አንድ ምልክት ያለው ዘጠኝ አንድ ብቻ ነውና።

በዚህ አልተጎዱም። የፍላሽ ሀውስ መነሻ 140 ነጥብ ሲሆን ማባዣው 14 ነው፤ የካርታዎቹ ድምር 41 ሲጨመርበት 181 በ14 ተባዝቶ 2,534 ይሆናል። በፍላሽ መነሻ (35 ነጥብ፣ ማባዣ 4) ቢቆጠር ግን 304 ብቻ ባገኙ ነበር።

የተለመዱት እጆች ቅደም ተከተል የመጣው ከብርቅነታቸው ነው፦ ሊወጡ ከሚችሉት 2,598,960 አምስት አምስት ካርታዎች መካከል ስትሬት (አምስት ተከታታይ ቁጥሮች) 10,200፣ ፍላሽ 5,108፣ ፉል ሀውስ ደግሞ 3,744 ናቸው። በእኔ አመለካከት በዚህ ጨዋታ የማይፈለግ ካርታን አስወግዶ በሌላ መቀየር ስለሚቻል ፍላሽ ከስትሬት ይልቅ ይቀላል።

አንድ ነገር ግን ይጠንቀቁ፤ የፕላኔት ካርታ (የአንድን እጅ ደረጃ የሚያሳድግ የጨዋታው ልዩ ካርታ) የእጁን ነጥብና ማባዣ ያሳድጋል እንጂ የፍተሻውን ቅደም ተከተል አይለውጥም። ስለዚህ ፍላሽን ብዙ ደረጃ አሳድገው ከሆነ፣ ከሰባቶቹ አንዱን በሌላ ቁጥር ነገር ግን በዚያው ምልክት ተክተው መጣሉ ሊያዋጣዎት ይችላል።