«የመዝገብ ቁጥርሽን ታውቂዋለሽ?» ከጠበቃ ጋር ጥያቄና መልስ

እሁድ ከሰዓት፣ የአዳማ ነዋሪዎች ግሩፕ። መልስ የሚሰጡት ለዓመታት በጥብቅና የሠሩ አባላችን ናቸው። ስማቸው እንዳይጠቀስ ስለፈለጉ «ጋሼ» ብለናቸዋል።

ባለሱቋ፦ ጋሼ፣ ጠበቃ ከያዝኩ ስድስት ወር ሆነኝ። ስደውል «እየሄደ ነው» ብቻ ነው የሚለኝ። ከሱ ምን ልጠብቅ?

ጋሼ፦ የመዝገብ ቁጥርሽን ታውቂዋለሽ?

ባለሱቋ፦ እሱ ጋ ነው።

ጋሼ፦ ይኸው! ጉዳዩ ያንቺ እንጂ የሱ አይደለም። ቁጥሩን፣ ችሎቱን፣ ቀጣዩን ቀጠሮ ጽፈሽ ያዢ። የክሱና የመልሱ ኮፒ እቤትሽ ይኑር። ቁጥር ካለሽ ሬጅስትራር፣ ማለትም የፍርድ ቤቱ መዝገብ ክፍል፣ ሄደሽ ራስሽ ትጠይቂያለሽ። ጠበቃ ችሎት ውስጥ ሆኖ ስልክ ላያነሳ ይችላል። ከየቀጠሮው በኋላ ግን ምን እንደተባለ ሊነግርሽ ይገባል።

ባጃጅ ነጂ፦ ጠበቃ ብይዝ አሸንፋለሁ?

ጋሼ፦ እኔ ምን አውቃለሁ? «መቶ በመቶ ታሸንፋለህ» ከሚልህ ግን ሽሽ።

አዲስ አባል፦ የመሬት ጉዳይ ነበረኝ፣ ምን ይሻለኛል?

ጋሼ፦ ይሄ ጥያቄ አይደለም። ሰነድህን ይዘህ ጠበቃ ቢሮ ሂድ።

የፖስታ ቤት ሰፈር ልጅ፦ ውክልናውን ሳላነብ ነው የፈረምኩት። ችግር አለው?

ጋሼ፦ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ። ሰው ሶፋ ለመግዛት ግማሽ ቀን ይከራከራል፤ ውክልና ግን በሁለት ደቂቃ ፈርሞ ይወጣል። የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 2205 ያለ ልዩ ውክልና፣ ማለትም ሥልጣኑ ተለይቶ ካልተሰጠ፣ የማይሠሩ ነገሮችን ይዘረዝራል፦ የማይንቀሳቀስ ንብረት መሸጥ፣ በመያዣ መስጠት፣ መታረቅ፣ ስጦታ ማድረግ፣ መክሰስ፣ ተከሶ መከራከር። ወረቀቱን የሚያዘጋጁት ሰዎች ታዲያ ለጥንቃቄ እያሉ ሁሉንም ይደረድሩታል። ለአንድ የኪራይ ክስ ብላችሁ ሄዳችሁ ቤት የመሸጥ ሥልጣን ሰጥታችሁ ትመለሳላችሁ። አንድ ሰውዬ «ጠበቃዬ ሳላውቅ ታረቀብኝ» እያለ እኔ ጋ መጣ። ውክልናውን አውጥቼ አነበብኩለት፤ «ለመታረቅ» ይላል። ፊርማው የራሱ ነው። ዝም አለ። ለክርክሩ የሚያስፈልገውን ብቻ ስጡ። እርቅ ከተጨመረ «ደንበኛው በጽሑፍ ሲፈቅድ» ይባልበት። ውክልናን በፈለጋችሁት ጊዜ መሻር ትችላላችሁ። ሽራችሁ ግን ዝም አትበሉ፤ ለፍርድ ቤቱም ለሌላኛው ወገንም አሳውቁ።

ጡረተኛ፦ ጠበቃ ለምን ያስፈልጋል? ፍርድ ቤት በር ላይ ያለ ማመልከቻ ጸሐፊ ጽፎልኝ አሸንፌያለሁ።

ባለሱቋ፦ እድለኛ ነዎት አባባ። እህቴ በዚያው ነው የተበላሸባት።

ባጃጅ ነጂ፦ ሁሉም ያው ብር ነው የሚበላው።

ጡረተኛ፦ አንተ መጀመሪያ ከፍራንኮ ሰፈር እስከ ፖስታ ቤት የምታስከፍለውን አስተካክል!

ባጃጅ ነጂ፦ ቤንዚን ስንት እንደገባ ያውቃሉ?

ጋሼ፦ ስለ ቤንዚን ሌላ ቀን! ቀላል ማመልከቻ ከሆነ ጸሐፊም ይበቃል። ቀጣይ።

መምህር፦ እዚህ የፍርድ ቤቱ ቋንቋ አፋን ኦሮሞ ነው፣ እኔ አላነብም። ጠበቃዬ የጻፈውን በምን ልፈትሽ?

ጋሼ፦ ጥሩ ጥያቄ። ከማስገባቱ በፊት አንድ በአንድ በአማርኛ ይንገርህ። ስም፣ ቀን፣ የብር መጠን ከጠበቃው ይልቅ አንተ ነህ የምታውቀው። ስህተት የሚገባውም እዚያ ላይ ነው።

ጸጉር ሠሪዋ፦ ክፍያስ?

ጋሼ፦ በጽሑፍ ውል። ይግባኝን ይጨምራል አይጨምርም ይጻፍበት። የዳኝነት ክፍያ ለብቻው ነው። ደረሰኝ ተቀበይ። «ይሄ ለዳኛው ነው» ካለሽ ቦርሳሽን ይዘሽ ውጪ።

ነጋዴ፦ ከተፈረደብኝ ሦስት ወር አለፈኝ። ጠበቃዬ አልነገረኝም። ይግባኝ ማለት እችላለሁ?

ጋሼ፦ የፍትሐ ብሔር ይግባኝ 60 ቀን ነው። የሥራ ክርክር ከሆነ ደግሞ 30 ብቻ። ቀኑ ካለፈ በቂ ምክንያት ይዘህ ታስፈቅዳለህ። «ጠበቃዬ ረስቶት ነው» የሚለውን ግን ሕጉ በቂ ምክንያት ብሎ አይቀበልም። ጠበቃው ያጠፋል፣ አንተ ትከፍላለህ። ቀጠሮውን ራሳችሁ ጽፋችሁ ያዙ የምለው ለዚህ ነው።

አዲስ አባል፦ የመዝገብ ቁጥር ከየት ነው የሚገኘው?

ጋሼ፦ ወንድሜ፣ ከላይ አንብብ!

ባለሱቋ፦ ጋሼ፣ ደወልኩለት። አነሳ። ቁጥሩንም ላከልኝ። ቀጠሮው ግን ዓርብ ነበር አለኝ። ራሱም አልቀረበም።

ጋሼ፦ ነገ ጠዋት ሬጅስትራር እንገናኝ። ውክልናሽን ይዘሽ ነይ።