አፈር ለምታጠኑ ልጆች፦ ከመቆፈራችሁ በፊት ላዩን እዩት

አፈር ሳይንስ የገባችሁ ልጆች ምክር ስጡን ትሉኛላችሁ፣ እኔ የምላችሁ ኦገሩን (የአፈር ናሙና መቆፈሪያውን) መሬት ውስጥ ከመስደዳችሁ በፊት በርከክ በሉና ላዩን እዩት ነው።

እኛ ሰሜን ሸዋ የቆምነው እሳተ ገሞራ በተፋው ድንጋይ ላይ ነው፣ ጂኦሎጂስቶች እኮ አንዱን ባዛልት (ቀልጦ የወጣው ረግቶ የሆነውን ጥቁር ድንጋይ) በኛው ታርማበር ነው የሰየሙት። ባዛልቱ ውስጥ አፓታይት የሚባል ሚኒራል አለ፣ ሰብል የሚመገበው ፎስፎረስ ያለው እዛ ነው። ናይትሮጅንን ባክቴሪያ ከአየር ይስበዋል፣ ፎስፎረስ ግን አየር ላይ በጋዝ መልክ የለም፣ ከድንጋይ መውጣት አለበት። ማን ያወጣዋል? ዝናቡም ውርጩም አለ፣ ግን ቋጥኝ ላይ ግራጫና ብጫ ሆኖ የተለጠፈውን ላይከን (ፈንገስና አልጌ ተዳብለው የሚኖሩበትን) በጥፍራችሁ ፋቅ አርጋችሁ እዩ፣ ከስሩ ያለው ድንጋይ ለስልሶ ዱቄት ዱቄት ይላል፣ ኦርጋኒክ አሲድ እያወጣ ስለሚያሟሟው ነው።

ያልታረሰ ቦታ ላይ ደግሞ ጠቆር ያለች ደረቅ ቅርፊት ስታገኙ ውሃ ጠብ ጠብ አርጉባትና ጠብቁ፣ ሳይኖባክቴሪያ (እንደ ተክል ከፀሐይ ምግቡን የሚሠራ ባክቴሪያ) ወይም ሞስ (ሽበት የሚባለው ትንሽ ተክል) ካለባት ዓይናችሁ እያየ አረንጓዴ ትሆናለች፣ እኔ እስከዛሬ አልጠገብኩትም! ክራካታው የተባለው የኢንዶኔዥያ የእሳተ ገሞራ ደሴት በፈረንጅ 1883 ፈንድቶ ሁሉን በአመድ ሲሸፍን፣ በ1886 የሄደው የእጽዋት አጥኚ ትሩብ አመዱ ላይ ያገኘው እንዲህ ያለ ስስ ሽፋን ነው፣ ፈርን የሚባለው አበባ የሌለው ተክልም እዛው በቅሎ።

ከላቦራቶሪ "ፎስፎረስ ዝቅተኛ" የሚል ውጤት ሲመጣ መሬቱ ባዶ ነው ብላችሁ ለገበሬው እንዳትነግሩት። አብዛኛውን ጊዜ አለ ግን ታስሯል፣ ፒኤች (የአፈሩ የአሲድነት መለኪያ፣ ሲወርድ አሲዱ ይበዛል) ከ5.5 ሲወርድ አሉሚኒየምና ብረት ጥርቅም አርገው ይይዙታል፣ በውድ የተገዛውን ዳፕ ማዳበሪያም እንደዛው፣ ሰብሉ በዛው ዓመት የሚያገኘው ትንሹን ነው። ከእስሩ የሚፈቱት ስር ላይ ያሉት ፈንገሶችና ባክቴሪያዎች ናቸው፣ እነሱ ደግሞ ምግብ ይፈልጋሉ፣ ኩበቱ ሁሉ ምድጃ ከገባ ምን ይብሉ?

ደብረ ብርሃን አካባቢ አፈር ቆልሎ በኩበት ማቃጠል የቆየ ነው፣ አባቶቻችን አላዋቂ ሆነው አይደለም፣ ሲቃጠል የታሰረው ፎስፎረስ ስለሚለቀቅ ገብሱ ለአንድ ሁለት ዓመት ያምራል፣ ከዛ ግን ኦርጋኒኩ (የበሰበሰው የተክልና የእንስሳ ቅሪት) ስላለቀ መሬቱ ለዓመታት ይተኛል። ስለዚህ ናሙና ስትወስዱ አዛውንቶቹን ጋሼ ይሄ ማሳ ተቃጥሎ ያውቃል ወይ፣ መቼ? በሏቸውና መልሱን እዛው የናሙናው ፌስታል ላይ ጻፉት፣ ላይኛዋን ቅርፊትም ጠርጋችሁ አትጣሏት፣ ለብቻዋ ያዟት።